የአጎቴ ሁለት ቃላት

አጎቴ ይመር መሞቱን የነገረችኝ እህቴ ፋጡማ ናት። ሰመራ፣ በረቴ ውስጥ ቆሜ ለከብቶቼ ፉርሽካ እያደልኩ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ሸጉጬ «ሄሎ» አልኳት።

«እትዬ፣ አጎታችን አረፉ።»

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ሳልሆን ምላሴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የእኔን ፈቃድ ሳይጠይቅ ይለዋል። ከዚያ ፉርሽካ ማደሌን ቀጠልኩ። እንባዬ አልመጣም፤ ይመጣል ብዬም አልጠበቅኩትም።

አዋሽ ውስጥ ሰው ሁሉ አጎቴን አንቱ ይለው ነበር። እኔም ፊቱ ቆሜ አንቱ እያልኩት ነው ያደግኩት፤ ባልለው ዱላው ቅርብ ነበር። አሁን ግን ሞቷል፣ እኔም የራሴ በረት ያለኝ ሴት ሆኛለሁ። ስለዚህ እዚህ ስጽፍ አንቱታው ይቅርብኝ።

«ቀብሩ ዛሬ ነው፣ አትደርሺበትም» አለችኝ ፋጡማ። «ለሦስተኛው ቀን ሰደቃ ግን የሚታረድ ከብት ይዘሽ እንድትመጪ ኢብራሂም ለምኖሻል።» ኢብራሂም የአጎቴ አንድ ወንድ ልጁ ነው።

«እዚያ ያለው በረት ሙሉ ከብት አይደለም እንዴ? ከዚያ ለምን አያርድም?»

«ተናዘዋል እኮ። ‹ስሞት ከበረቴ አንዲት ጊደር ብትነኩብኝ አፉ አልላችሁም› ብለዋል። ከዘመድ ደግሞ ከብት ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሳቄ መጣ። ሰው ሲሞት ስለ ዕዳው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ነፍሱ ይናዘዛል። የእኛ ሰው ስለ ጊደሮቹ ተናዘዘ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል በጥላው ሥር ደማም ቆሞ ያመሰኳል። ደማም ኮርማዬ ነው። ግራጫ፣ ሻኛው እንደ ትራስ የወፈረ፣ እርጅና ጉልበቱን ትንሽ የያዘው። ግራ ጆሮው ግማሽ ነው። እሺ፣ ከብት ይዤ እመጣለሁ አልኩ ለራሴ።

አባቴ ሁሴንና አጎቴ ይመር ከባቲ ወደ አዋሽ የመጡት ገና ጎረምሶች ሳሉ ነው። መጀመሪያ ሱቅ ነበራቸው። ኋላ ከአንድ የቦረና ነጋዴ ሸጊቱ የምትባል ላም ገዙ፤ ስሟም ከሻጩ ጋር የመጣ ነው። የቦረና ከብት ለሥጋ የተፈጠረ ዘር ነው፤ ወገቡ ሰፊ፣ ሙቀትና ጥም የሚችል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ፣ በእሾህ የታጠረውን በረት የሞላው ሁሉ ከሸጊቱ የወጣ ነው። ኮርማውን ከቦረና እያስመጡ፣ ባዕድ ደም ሳያስገቡ ዘሯን ጠበቁ። ሥራው የሁለቱም ነበር። ወሬው ግን የአጎቴ ብቻ ሆነ።

አጎቴ የእያንዳንዱን ከብት እናት፣ የእናቱን እናት፣ እስከ ሸጊቱ ድረስ ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። የእኔንና የፋጡማን ስም ግን አፉ ላይ ሰምቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። እኔ ትልቋ፣ እሷ ትንሿ ነበርን። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ለሰው ሰላምታ የሚሰጠው ከከብቶቹ መልስ ነው። በረት ገብቶ አንዱን ይመርጣል። መዳፉን ከሻኛው እስከ ጭራው ያስኬዳል፣ ጭራው ሥር ያለውን ቆዳ ቆንጥጦ ይለቃል፣ ትንፋሹን ያሸታል፣ ምራቁን ጢቅ ይላል። ከዚያ ከሁለቱ ቃላት አንዱን ይናገራል። ዘሩ ንጹሕ፣ አቋሙ ያማረ ከሆነ «ይቆይ»። ካልሆነ «ይታረድ»። ሦስተኛ ቃል አልነበረውም።

ችግሩ ቃላቱ በረት ውስጥ አልቀሩም። ሬዲዮ ላይ ዘፋኝ ካልጣመው «ይታረድ» ነው። ሻይ ቤት አዲስ አስተናጋጅ ቀርፋፋ ከሆነ «ይታረድ»። የአባቴ አክስት ከባቲ የላከችልንን በግ አይቶ «ይታረድ» ያለው ብቻ ከቦታው የዋለ ፍርድ ነበር። ሰው ይስቃል። እኛ ቤት ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ አንድ ቀን ቅባኑግ የተቀባ ፀጉሬን አይቶ ወደ እናቴ ዞሮ እንዲሁ ብሏል። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በቀልድ ነው አሉኝ።

አባቴ የታመመ ጊዜ አጎቴ በረት ውሎ በረት ያድር ነበር፤ አንዲት ላም ምጥ ላይ ጥጃዋ በሆዷ ውስጥ ተጣሞባት ነበርና። ላሟን በእጁ አጠጥቶ፣ በእጁ አጉርሶ አዳናት። ወንድሙ ጋ የመጣው በመጨረሻው ቀን ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ሁሴን» አለው፣ «የሸጊቱን የልጅ ልጅ፣ ያቺን ቦቃዋን፣ በየትኛው ኮርማ ነው ያስጠቃሃት?» እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አባቴ በደከመ ድምፅ ነገረው። «ከቦረና መጨረሻ ባስመጣነው ኮርማ።» አጎቴ ራሱን ነቀነቀና ወደ በረቱ ተመለሰ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እየሳቀ ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ፣ ሳቅ አልነበረም።

ያቺ ቦቃ ላም ከመውለዷ በፊት ግን አባቴ ሽማግሎች ባሉበት፣ «በሆዷ ያለው የሰዓዳ ነው» ብሎ ነበር። ሰዓዳ እኔ ነኝ። የተወለደው ደማም ነው። ከአባቴ ከብት ሁሉ የኔ የሆነው እሱ ብቻ ነው፤ ምስክር ስለነበረ አጎቴ ሊክደው አልቻለም። ከቀረው ግን፣ እኔና ፋጡማ ድርሻችንን በጠየቅን ቁጥር፣ መልሱ አንድ ነበር።

«ይቆይ።»

«እስከ መቼ?» ብዬ ስጠይቀው፣

«ሴት ልጅ ዘር ይዛ ለባዕድ ቤት ትሄዳለች። ይቆይ አልኩ።»

ይህን የሚለኝ ከብቶቹን በእናታቸው የሚቆጥር ሰው ነው! በረቱ በሙሉ የአንዲት ሴት ዘር ነው፤ ስሟን ሳይጠራ የሚውልበት ቀን የለም። ይህን ስነግረው «ሸጊቱ ላም ናት» አለኝ፣ ትልቅ ነገር እንዳስረዳኝ ሁሉ።

የፋጡማን ነገርማ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ እሷም የወደደችው፣ ሽማግሌ ላከ። ልጁም አብሮ መጥቶ ነበር። አጎቴ ተነስቶ ዙሪያውን ዞረው። ትከሻውን ጨበጥ አደረገ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ አቋሙን አየ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞሮ «ይቆይ» አለ። ሽማግሎቹ ተያዩ። እንግዶች ናቸው፤ የአጎቴን ቋንቋ ከየት ያውቁታል? «መልካም፣ እንግዲህ እንጠብቃለን» ብለው ወጡ። ጠበቁ። እሱም እነሱ ቀን ቆርጠው እስኪመጡ ጠበቀ። ልጁ ድሬዳዋ ተዛውሮ ሌላ አገባ። ፋጡማ ስታለቅስ አጎቴ ከልቡ ተቆጣ። «ይቆይ አልኳቸው እኮ! ከዚህ በላይ ምን ልበል? እልል ልበልላቸው?» ልጅቷን በአንድ ቃል ማግባት ከለከላት፣ ያውም በምርቃቱ።

ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ ሆነ ሐሳቤ። መውጫዬ ደማም ነበር። ዐረፋ ሲቃረብ ነጋዴዎች ለእርድ የሚሆን ምርጥ ከብት ፍለጋ አዋሽ ይመጣሉ። እሱን ሸጬ ሰመራ ሁለት ጊደር ገዝቼ የራሴን በረት መጀመር ነበር ያሰብኩት። አንድ ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ነጋዴ መጣ፤ ደማምን አይኑን፣ እግሩን፣ ቀንዱን፣ ጆሮውን እያገላበጠ መረመረው። ለኡድሂያ፣ ለዐረፋው መሥዋዕት፣ የሚቀርብ ከብት እንከን ሊኖርበት አይገባም። «ማሻአላህ» አለ፣ «ነገ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

አጎቴ ዳር ቆሞ ይሰማ ነበር።

«ይቆይ» አለኝ ነጋዴው ሲሄድ።

«ከብቱ የኔ ነው፣ አጎቴ። ካሳሳዎት እርስዎ ይግዙት።»

«ከገዛ ቤቴ ከብት ልግዛ? ከመጨረሻው የቦረና ኮርማ የቀረ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ይህ ከብት አይታረድም። ይቆይ።»

«እኔስ? እኔም እዚሁ ልቆይ?»

ዞሮ የደማምን ሻኛ ይዳስስ ጀመር። ስለ እኔ አልነበረማ የሚናገረው።

ጠዋት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወደ በረት ስሄድ ደማም ራሱን ያወዛውዛል። ደሙ ከጆሮው ወርዶ ሻኛው ላይ ደርቋል። ግማሽ ጆሮው መሬት ላይ ነው፤ ዝንብ ወሮታል። አጎቴ አልሸሸም፣ አልደበቀም። ቢላዋውን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ ቆሟል።

«አሁን ይቆያል» አለኝ።

ጮህኩበት። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ አንቱታዬን ግን ያን ቀን እንኳ አልረሳሁም፣ በአንቱታ ነው የረገምኩት። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጆሮ ነው» አለ። «ጆሮ ከአባት አይወረስም። ጥጆቹ ሙሉ ጆሮ ይዘው ነው የሚወለዱት።»

ነጋዴው መጣ፣ አየ፣ ከመኪናው እንኳ በደንብ አልወረደም። «ግማሽ ጆሮ ለኡድሂያ አይሆንም፣ እህቴ። ሳልጭነው ማየቴ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሄደ። ሌሎቹም ገና ከሩቅ አይተው ያልፉት ነበር። ዐረፋ ሆነ፣ ሰው አረደ፣ እኔ ግማሽ ጆሮ ካለው ኮርማዬ ጋር ቀረሁ።

ቢሆንም ወጣሁ። የእናቴን አምባር ሰጥቼ ደማምን በአይሱዙ ጫንኩት። ገዋኔን አልፈን፣ ሚሌ ላይ አውርጄ ውኃ አጠጥቼው፣ በሎጊያ በኩል ሰመራ ገባን። ኮርማ ሸጬ ልጀምር ያሰብኩት እኔ፣ ኮርማ አከራይ ሆንኩ። የአካባቢው አርቢዎች ላሞቻቸውን እያመጡ ያስጠቁ ጀመር። ገንዘብ የሌለው ጊደር ይሰጠኛል። ቀንደ ረጅም የአፋር ላሞች ከደማም የወለዷቸው ጥጆች ወፍራም፣ ፀሐይ የማይበግራቸው ሆኑ። በረቴ እንዲህ ቆመ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያናድደኝ። «ታዲያ አጎትሽ ባይቆርጠው ኖሮ ይህን ሁሉ ታገኚ ነበር? ባለውለታሽ ነው» ይሉኛል። እስቲ ለደማም ይንገሩት። አጎቴ ቢላዋውን ሲስል እኔ በሐሳቡ ውስጥ አልነበርኩም፤ በጎም ክፉም አላሰበልኝም። ክፉ ቢያስብልኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ መኖሬን ቆጥሮታል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ሰመራ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ከባጃጅ ወርዶ በአጠገቤ አለፈ። ቀጥ ብሎ ወደ ደማም ሄደና «አሰላሙ ዓለይኩም» አለው። ኮርማውን! ከዚያ ግማሹን ጆሮ በሁለት ጣቱ እያሻሸ ጠባሳውን አየ።

«ድኗል» አለ።

ያን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ጆሮ የተናገረው ይቺን ብቻ ናት። ወደ ጥጆቼ ዞሮ ተመለከተ፤ አንዱንም አልነካም። «ክልስ። ይታረዱ» አለና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ቀጠለና የመጣበትን ነገረኝ። አዋሽ ያለው ኮርማ ሞቷል። ከቦረና እንደ ቀድሞው ያለ ማግኘት አልቻለም። ከሸጊቱ ዘር የቀሩት ጊደሮች ብቻ ናቸው።

«ደማምን ላኪልኝ። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይመለስልሻል።»

«የአባቴን ድርሻ ያካፍሉንና እልከዋለሁ።»

«እሱ ይቆይ።»

ይህን ነበር የምጠብቀው። እጄን ወደ ደማም ዘርግቼ፣ ያን ቃል በገዛ ድምፁ አስመስዬ፣ «እንግዲያው ይሄም ይቆይ!» አልኩት።

ያመዋል ብዬ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«ይቆይ አልሽ?»

«ይቆይ!»

ሁለት እጁን ዘርግቶ መረቀኝ። በሕይወቴ መርቆኝ አያውቅም። «አላህ ይባርክሽ። የሁሴን ልጅ ነሽ። እኔ ባገኘውም ባላገኘውም ዘሩ ከተረፈ ይበቃኛል» ብሎ ተነሳ። አዋሽ ተመልሶ በየሻይ ቤቱ «ሰዓዳ ኮርማውን ይቆይ ብላለች፣ አታርደውም» እያለ ሲያወራ ከረመ። ስድቤን ቃል ኪዳን አድርጎ ይዞብኝ ሄደ። በንዴት ምግብ አልበላ አለኝ።

እና ለሰደቃው ደማምን ጫንኩት። ሾፌሩ «ይህን ያህል ኮርማ ለሰደቃ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ኑዛዜው ስለ በረቱ ከብት ነው የሚያወራው፤ ደማም ደግሞ ከበረቱ ከወጣ ቆይቷል። መንገዱን ሙሉ ይህን እያሰብኩ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታው ደግሞ እውነተኛ ነበር፣ አልዋሽም።

አዋሽ ደርሰን ስናወርደው አፍንጫውን ወደ በረቱ አዞረና አገሳ። ከአጥሩ ውስጥ ጊደሮቹ መለሱለት። ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ከእኔ ጋር የሸሸ፣ ያበላኝ፣ እጄን የሚልስ ከብት ነው። ልመልሰው እችል ነበር፤ ሾፌሩ ገና አልሄደም። ያን ጊዜ ግን አጎቴ ቢላዋውን እየጠረገ የቆመበትን ቦታ አየሁት። አጠገቡ የነበረው ግንድ ሳይቀር ያው ነው።

ኢብራሂም ገመዱን ሊቀበለኝ መጥቶ ጆሮውን ሲያይ ቀጥ አለ።

«ሰዓዳ፣ ይሄ ... ይሄ እኮ አባባ ሁልጊዜ ሲያወሩለት የነበረው ኮርማ ነው።»

«ከበረታችሁ አይደለም። የኔ ነው።»

አራጁም ጆሮውን አይቶ ወደ ሸኹ ዞረ። ሸኹ ጺማቸውን እያሻሹ «የዐረፋ እርድ አይደለም። ለሰደቃ ችግር የለውም» አሉ። «ባለቤቷ ከፈቀደች ነው እንግዲህ።»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ጊደሮቹ አሁንም ይጣራሉ።

«ይታረድ» አልኩ።

ደማም ሲወድቅ ዞር አላልኩም። ከዚያ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ ልጅ ሳለሁ እንኳ እንደዚያ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። በሳግ መሃል «ደማም» እያልኩ ነበር፤ ፋጡማ ብቻ ናት የሰማችኝ። እሷም አንገቴን አቀፈችኝ። ሥጋው ያረጀ ኮርማ ነውና አልበስል ብሎ እንግዳው ሁሉ ሲያላምጥ ዋለ፣ እያላመጠም ለአጎቴ ዱዓ አደረገ።

ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ሴቶች ስለ እኔ ያወራሉ።

«ይቺ ናት የወንድማቸው ልጅ?»

«እሷ ናት። ሌላው ዘመድ በግ ይዞ ሲመጣ እሷ የምትተዳደርበትን ኮርማ ነው ያረደችላቸው። ልቅሶዋንስ አየሽው?»

«ምን ያህል ብትወዳቸው ነው!»

ተነስቼ ልነግራቸው አሰብኩ። ከየት ልጀምር? ኢብራሂም በመሃል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ አይኑ ቀልቶ፣ «ውለታሽን መቼም አልረሳውም። የአባትሽን ድርሻ ሰሞኑን እናካፍላለን» አለኝ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ የከለከለንን፣ እሱን እወደው ነበር ተብሎ ተሰጠን።

ዛሬም አዋሽ ሄጄ ሱቅ ስገባ፣ ባለሱቁ ለማያውቀኝ ሰው «የይመር ልጅ ናት ብትል ይቀላል፣ እንደሷ አጎቱን የወደደ የለም» ብሎ ያስተዋውቀኛል። እኔም ስኳሬን ተቀብዬ እወጣለሁ።